ቀለበቱና መውጫዎቹ፦ የዋሽንግተን ዳርቻዎች እንዴት አደጉ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)



ከእናንተ መካከል ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ብዙ ነው፤ ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ አብሮ አደግ። ያ ዘመዳችሁ ግን ማታ የሚያድረው ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ቤቱ አሌክሳንድሪያ ወይም ስፕሪንግፊልድ ከሆነ ያለው ቨርጂኒያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ጀርመንታውን ከሆነ ደግሞ ሜሪላንድ ነው። ግብር የሚከፍለው ለሌላ ግዛት ነው፤ ልጆቹም የሚማሩት በሌላ አስተዳደር ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደው በሀይዌይ፣ ለቅሶ የሚደርሰው በሀይዌይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ሆነ እንጀራ የሚገዛው በሀይዌይ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚሁ መንገድ ነው። አውራ ጎዳና በከተማ ዙሪያ ያሉ ሰፈሮችን እንዴት ይፈጥራል? እንዴትስ ያሳድጋል? ለምሳሌነት የወሰድኩት ዋሽንግተንን ነው፤ ታሪኩ በሚገባ ተመዝግቧል፣ ብዙ ወገኖቻችንም ይኖሩበታል። በኋላ ወደ አገር ቤት ተመልሰን የአዲስ አበባ – አዳማን የፍጥነት መንገድ እናያለን። ሌላ ካላልኩ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሕዝብ ቁጥር ልጀምር። በ1950 በተደረገው ቆጠራ ዋሽንግተን ከተማ 802,178 ነዋሪ ነበራት። በ2000 ቆጠራ ይህ ቁጥር ወርዶ 572,059 ሆነ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከአራት ነዋሪ ከአንድ በላይ አጥታለች ማለት ነው። ጦርነት አልገባባትም፤ ረሀብም አላገኛትም። እንዲያውም የዓለም ኃያል መንግሥት መቀመጫ ናት። በዚያው ዘመን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የፌርፋክስ ካውንቲን ብንመለከት፣ በ1950 የነበረው ሕዝብ 98,557 ብቻ ነው፤ አብዛኛው መሬት የወተት ላም የሚረባበት የእርሻ አገር ነበር። በ1990 ሕዝቡ 818,584 ደረሰ። በ2020 ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ አለፈ። ዛሬ ካውንቲው በሕዝብ ብዛት ዋና ከተማዋን በእጅጉ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ያመጣው መንገድ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹን ምክንያቶች ወደ በኋላ አነሣቸዋለሁ። መንገዱ ባይኖር ግን በዚህ መልክ ሊሆን አይችልም ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ክብ በሐሳባችሁ እንድትሥሉ እጠይቃለሁ።

የክቡ መካከል ሥራ ያለበት ቦታ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ፣ ገበያው፣ ባንኩ። ሰው ወደ ሥራ ለመሄድ የሚያጠፋው ጊዜ ልክ አለው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሰው ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሰው ልጅ በየትኛውም ዘመን ለመሄጃና ለመመለሻ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚሰጥ አመልክቷል። እንግዲህ ለመሄጃ ግማሽ ሰዓት እንያዝ። እግረኛ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ይራመዳል ብንል፣ በግማሽ ሰዓት ከመካከሉ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል። በዚያ ክብ ውስጥ የሚገኘው መሬት ወደ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ለመኖሪያ የሚሆነው ቦታ ያ ብቻ ነውና ሰው ተጠጋግቶ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ሠርቶ ይኖራል። አሁን ይህን ሰው መኪና ላይ አስቀምጡትና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሂድ። በዚያው ግማሽ ሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የክቡ ስፋት ግን ስምንት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ከ1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማለትም 64 እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት በሁለት ሲባዛ መሬት በአራት ይባዛልና።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አዲስ መንገድ ሲከፈት ትናንት ለሠራተኛ መኖሪያ የማይታሰብ ሩቅ እርሻ ዛሬ የከተማ ቦታ ይሆናል። መሬቱ አልተነቃነቀም፤ የቀረበው በሰዓት ነው። በአንድ ጊዜም ይህን ያህል ብዙ መሬት ስለሚቀርብ፣ ከከተማው መካከል ሲነጻጸር ዋጋው ርካሽ ነው። ርካሽ በመሆኑ ሰው ሰፊ ግቢ ይገዛል፤ ሰፊ ግቢ ሲገዛ ጎረቤቱ ይርቃል፤ ጎረቤቱ ሲርቅ አውቶቡስ የሚሞላ ሰው አይገኝም፤ አውቶቡስ ሲጠፋ ለእያንዳንዱ አዋቂ መኪና የግድ ይሆናል።

(አጭር ሙዚቃ)

በአሜሪካ ይህ ነገር በሀይዌይ አልተጀመረም። ከሀይዌይ በፊት ትራም ነበር። በ1890 ፍራንሲስ ኒውላንድስ የሚባል የኔቫዳ ፖለቲከኛ የመሬት ኩባንያ አቋቁሞ፣ ከዋሽንግተን ወሰን ወጣ ብሎ የእርሻ መሬት ገዛ። ከዚያም በራሱ ወጪ የትራም ሐዲድ ዘረጋ፤ ድልድይም ሠራ። ትራሙ ራሱ የሚያተርፍ ሥራ አልነበረም። ትርፉ ያለው ሐዲዱ በሚደርስበት መሬት ላይ ነው። ቼቪ ቼዝ የሚባለው የሀብታም ሰፈር የተቆረቆረው እንዲህ ነው።

የትራም ዘመን ዳርቻ ግን ወሰን ነበረው። ሰው ከፌርማታው በእግሩ ወደ ቤቱ መግባት ነበረበትና ቤቶቹ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ተሠሩ። ከአንዱ ሐዲድ እስከ ሌላው ያለው መሬት እርሻና ጫካ እንደሆነ ቆየ። በእነዚህ እንደ ጣት በተዘረጉ ሰፈሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሞላው የመኪና መንገድ ነው።

ወደ 1956 እንምጣ። ጁን 29 ቀን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአውራ ጎዳናን ሕግ ፈረሙ። ሰውየው ለመንገድ ጉዳይ እንግዳ አልነበሩም። በ1919 ወጣት መኮንን ሳሉ ከዋሽንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ከአንድ ወታደራዊ የመኪና ቅፍለት ጋር ተጉዘዋል፤ ጉዞው 62 ቀን ፈጅቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የጀርመንን ሰፋፊ መንገዶች በዓይናቸው አዩ። የፈረሙት ሕግ 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና እንዲሠራ ያዛል። ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር ወጪ 90ውን የሚሸፍነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም ከነዳጅ ቀረጥ ይመጣል።

ይህን የ90 እና የ10 ክፍፍል ልብ በሉልኝ። አንድ ከተማ ባቡር ልዘርጋ ቢል በራሱ ኪስ መሥራት ነበረበት። ሀይዌይ ልሥራ ካለ ግን አሥር ዶላር አውጥቶ የመቶ ዶላር መንገድ ያገኛል። ምርጫው ገና ከመጀመሪያው ያዘነበለ ነበር። ብዙ ሰው «አሜሪካዊ መኪና ስለሚወድ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው የሚወደው ከቀረበለት ነገር ውስጥ ነው፤ ያኔ የቀረበለት ደግሞ መኪናና መንገድ ነበር።

በዚህ ገንዘብ ከተሠሩት አንዱ ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት ነው፤ ነዋሪው ቤልትዌይ ይለዋል። ርዝመቱ 103 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፖቶማክን ወንዝ ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ኦገስት 17 ቀን 1964 ዙሪያው ተገጣጠመ። ሲታቀድ አንደኛው ዓላማ መንገደኛን ማሳለፍ ነበር፤ ከሰሜን መጥቶ ወደ ፍሎሪዳ የሚወርድ ሰው ከተማውን ሳይረግጥ እንዲያልፍ። ብዙው ክፍል ያኔ የሚያልፈው በእርሻና በዱር ነው። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ግን የአገሬው ሰው የራሱ አደረገው። ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ለሥራ፣ ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ ለገበያ የሚመላለሰው መኪና በዛ። መንገደኛ እንዲያልፍበት የተሠራው ቀለበት የዳርቻዎቹ ዋና ጎዳና ሆነ።

እዚህ ላይ በአገራችን ከማውቀው አንድ ነገር ልጥቀስ። ወንዝ ባለበት አገር ሰው የሚሰባሰበው በወንዙ ርዝመት ሁሉ አይደለም፤ መሻገሪያ መልካው ጋ ነው፤ ገበያውም የሚቆመው እዚያ ነው። ሀይዌይም እንዲሁ ነው። መንገዱ ታጥሯል፤ መኪና ሊገባበትና ሊወጣበት የሚችለው በተወሰኑ መውጫዎች ብቻ ነው። በሁለት መውጫዎች መካከል ያለ ቤት ከመንገዱ የሚያገኘው ጩኸትና ጭስ ነው። መውጫው አጠገብ ያለ መሬት ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለብዙ መቶ ሺህ ሰው ይቀርባል። መጀመሪያ የነዳጅ ማደያ ይመጣል፤ ከዚያ ሆቴል፣ ከዚያ የገበያ አዳራሽ፣ ከዚያ የቢሮ ሕንፃ። ከጀርባ ደግሞ ቤቶች ይደረደራሉ።

ታይሰንስ ኮርነር ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። በ1950 አካባቢ ሁለት የገጠር መንገዶች፣ 7 ቁጥርና 123 ቁጥር፣ የሚገናኙበት መስቀለኛ ቦታ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤልትዌይ በአጠገቡ አለፈ። በ1962 የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት ወደዚያ የሚወስደው መንገድም በዚያው በኩል ሆነ። በ1968 ትልቅ የገበያ አዳራሽ ተከፈተ። ከዚያ ቢሮ በቢሮ ላይ ተነባበረ። ጋዜጠኛው ጆኤል ጋሮ በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ከዋና ከተማው ውጪ፣ ሀይዌይ ዳር የበቀሉ አዳዲስ ከተሞች ሲያጠና ታይሰንስን ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎታል። በ2010 አካባቢ ታይሰንስ ከ100,000 በላይ ሠራተኛ ቀን ይውልበት ነበር፤ ማታ የሚያድርበት ነዋሪ ግን 20,000 እንኳ አይሞላም። ምሳ ለመብላት ከአንዱ ሕንፃ ፊት ለፊት ወዳለው ሕንፃ በመኪና የሚኬድበት ቦታ ነበር፤ መሻገሪያ የሌለው ሰፊ መንገድ በመካከል አለና።

መንግሥት ራሱም ወጥቷል። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ በዋሽንግተን ላይ የኑክሌር ቦምብ ይወድቃል ተብሎ ይፈራ ነበር። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን በ1958 ያኔ ገጠር ወደነበረው ጀርመንታውን ሄደ። የመለኪያና የደረጃ ቢሮው በ1960ዎቹ ወደ ጌይዘርስበርግ ተዛወረ፤ ሲአይኤም በ1961 ላንግሊ ገባ። መሥሪያ ቤት ሲሄድ ሠራተኛው ይከተላል። ቤት ብቻ ሳይሆን እንጀራም ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዳርቻ ኖሮ በዳርቻ የሚሠራ፣ ከተማውን ለወራት የማያይ ሰው በዛ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቼ፣ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ለማን እንደተከፈተ መጠየቅ ይገባል።

ከ1934 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለቤት መግዣ ብድር ዋስትና ይሰጥ ነበር። የዋስትናው መሥሪያ ቤት ግን የጥቁር ሰፈርን አደገኛ ብሎ ይመድብ፣ ነጮች ብቻ የሚኖሩበትን አዲስ ሰፈር ይመርጥ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ነጭ ወታደሮች በዝቅተኛ ወለድ አዲስ ቤት ሲገዙ፣ ጥቁር ወታደሮች በሩ ተዘጋባቸው። በሜሪላንድ ቦዊ ውስጥ በ1960 ሽያጭ የጀመረው፣ ሌቪት የተባለ የቤት ሠሪ ኩባንያ ሰፈር ለጥቁር ገዢ አይሸጥም ነበር።

በከተማው ውስጥ ደግሞ መንገዱ የሚያልፈው በጥቁሮች ቤት ላይ ሆነ። በ1950ዎቹ የዋሽንግተን ደቡብ ምዕራብ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ 23,000 ያህል ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር ነው። ቦታው ላይ ከቆሙት ነገሮች አንዱ ሀይዌይ ነው። ከዳርቻ የሚመጣው ሠራተኛ አሥር ደቂቃ እንዲያተርፍ ሌላው ዕድሜውን የኖረበትን ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ዕድርተኛውን አጣ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። ደቂቃውን ያተረፈው ሰው ለደቂቃው ዋጋ አልከፈለም፤ የከፈለው የተነሣው ነው።

ዝም ያላሉ ሰዎችም ነበሩ። በ1966 ጄ. ቻርልስ ጆንስ የሚባል የሲቪል መብት ታጋይ፣ በዳርቻ ያሉ አፓርታማዎች ለጥቁር አናከራይም ማለታቸውን በመቃወም ቤልትዌይን ዙሪያውን በእግሩ ሄደ። ለመኪና ብቻ በተሠራ መንገድ ዳር መቶ ኪሎ ሜትር! በዘር ምክንያት ቤት አላከራይም፣ አልሸጥም ማለትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 ነው።

በከተማው ውስጥም በሬጂናልድ ቡከርና በሳሚ አቦት የሚመራ የነዋሪዎች ኮሚቴ ተነሣ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነው። መንግሥት ከመካከል ከተማ ተነሥቶ በብሩክላንድና በታኮማ አድርጎ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሀይዌይ ሊሠራ አቅዶ፣ ብሩክላንድ ውስጥ ቤቶችን ወስዶ በሳንቃ አሽጎ ነበር። ኮሚቴው ነጭ የሚነዳበት መንገድ በጥቁር ቤት ላይ አያልፍም አለ። ስብሰባ ላይ ጮኹ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ታሰሩ። በመጨረሻ መንገዱ ቀረ። 95 ቁጥር ሀይዌይ ዛሬ ዋሽንግተንን በመካከል ሰንጥቆ የማያልፈውና በቤልትዌይ ምሥራቃዊ ክፍል የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዋም ለሀይዌይ የተመደበላትን ገንዘብ ወደ ባቡር እንድታዛውር ተፈቀደላት፤ በ1976 የመጀመሪያው የሜትሮ መስመር ሥራ ጀመረ። በብሩክላንድና በታኮማ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ የሚደርሰው የቀዩ መስመር ክፍል በ1978 ሲከፈት የሄደው ሀይዌዩ ሊያልፍበት በነበረው አካባቢ ነው። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ወርዶ በእግሩ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት የሚሄድ ሁሉ ለእነዚያ ሰዎች ባለ ዕዳ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ልመልስ። መንገዱ ነው ሰውን ያወጣው? ወይስ ሰው መውጣት ስለፈለገ ነው መንገዱ የተሠራው? ናትናኤል ባውም ስኖው የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ በ2007 ባሳተመው ጥናት ይህን የዶሮና የእንቁላል ጥያቄ ለመፍታት ጥሩ ዘዴ አገኘ። በ1947 የወጣ የአውራ ጎዳና ካርታ አለ። ያ ካርታ የተሣለው ከተማን ከከተማ ለማገናኘትና ለአገር መከላከያ ነው፤ የአካባቢውን ሠራተኛ ለማመላለስ አይደለም። እንግዲህ በዚያ ካርታ ብዙ መስመር የደረሳቸውን ከተሞች ጥቂት ከደረሳቸው ጋር ብናወዳድር የመንገዱን የራሱን ሥራ ለይተን እናያለን ማለት ነው። ውጤቱ፦ በአንድ ዋና ከተማ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ተጨማሪ ሀይዌይ የከተማውን ሕዝብ በ18 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ1950 እስከ 1990 የአሜሪካ ዋና ከተሞች ሕዝብ በድምሩ 17 ከመቶ ሲቀንስ፣ ሀይዌዮቹ ባይሠሩ ኖሮ 8 ከመቶ ያህል ያድግ እንደነበር ገምቷል። ከመንገዱ ሌላ ብድሩ፣ የዘር መድልዎው፣ የገቢ ማደጉና ትምህርት ቤቱም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

መንገዱ ሲጨናነቅስ? መልሱ ለብዙ ዓመት «እናስፋው» ነበር። ከቤልትዌይ ተነሥቶ በጌይዘርስበርግና በጀርመንታውን አድርጎ ወደ ፍሬድሪክ የሚሄደው 270 ቁጥር ሀይዌይ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 12 መስመር ድረስ ሰፋ። አሥር ዓመት ሳይሞላው እንደገና ተጨናነቀ። ምክንያቱን ቀደም ብለን ክቡን ስንሥል አይተነዋል። መንገዱ ሲሰፋ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ሩቅ መሬት ይቀርባል፤ እዚያ ቤት ይሠራል፤ የቤቱ ባለቤቶች መኪናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዱራንቶንና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 የአሜሪካን ከተሞች መርምረው፣ የአውራ ጎዳናው ርዝመት በአንድ ከመቶ ሲጨምር የመኪናው ጉዞም በአንድ ከመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ወገኖቻችን ወደዚህ ታሪክ የገቡት ዘግይተው ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የመጡት በብዛት ያረፉት ከተማው ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋን ነበር። ከዚያ በዩ ስትሪትና በ9ኛው መንገድ አካባቢ ንግድ ከፈቱ። ኪራይ ሲወደድ እነሱም በሀይዌይ ወጡ። በዚያን ጊዜ በ1960ዎቹ የተሠሩት የዳርቻ አፓርታማዎች አርጅተው ረክሰዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎችም ወደ ባሰ ሩቅ ቦታ ሄደዋል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከ395 ሀይዌይ አጠገብ የቆሙት ሳውዘርን ታወርስ የተባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙ ሐበሻ ያስጠለሉት እንዲህ ነው። ታክሲ ለሚነዳ፣ አየር ማረፊያ ለሚሠራ፣ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ለሚጠብቅ ሰው ሀይዌይ ዳር መኖር ለእንጀራው ይመቻል። ቆይቶ ገንዘብ ሲጠራቀም ደግሞ ግቢ ያለው ቤት ይፈለጋል፤ ጉዞው ወደ ውድብሪጅ፣ ወደ ጀርመንታውን፣ ወደ ፍሬድሪክ ይቀጥላል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምታሳዝነኝ የልጅ ልጅ ልታሳድግ ከአዲስ አበባ የተወሰደችው እናት ናት። በሰፈሯ ጠዋት ተነሥታ ኪዳን አድርሳ፣ ጎረቤት ጠይቃ፣ ጉልት ወርዳ ሽንኩርቷን ገዝታ የምትመለስ ሴት ነበረች። እዚያ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሙሉ ነው። ከበር ስትወጣ ግን የእግረኛ መንገድ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ሃያ ደቂቃ ይርቃል፤ ሃያ ደቂቃው ግን በመኪና ነው። መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ልጆቿ ሥራ ላይ ናቸው። በመስኮት እያየች ትውላለች። ልጆቿ አይወዷትም ማለት አይደለም። ሰፈሩ ከመጀመሪያው የታቀደው መኪና ለሚነዳ ሰው ነው፤ ሽማግሌ፣ ሕፃንና ደካማ አልታሰቡበትም። እናት ያላችሁ እዚያ የምትሰሙኝ፣ የሳምንቱን ቀን ተከፋፍላችሁ አንድ ቀን እንኳ የሚያወጣት ሰው ብትመድቡ መልካም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ ርዝመቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት መስመር አለው፤ የታጠረና የሚከፈልበት ነው። ቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አቅራቢያ ያልፋል። ከአሮጌው መንገድ ጋር አወዳድሩት። አሮጌው መንገድ ዳር ሁሉ ሱቅ ነው፣ ጎሚስታ ነው፣ ሥጋ ቤት ነው፤ መንገደኛ በፈለገበት ይቆማል፣ አገሬው በፈለገበት ይሸጣል። በአዲሱ መንገድ ዳር ማንም ድንች ዘርግቶ መሸጥ አይችልም። ጥቅሙ የሚሰበሰበው መውጫዎቹ ጋ ነው። በመውጫዎቹ መካከል ላለ ገበሬ መንገዱ አጥር ነው፤ ማሳው ወዲያ፣ ቤቱ ወዲህ ሆኖ መሻገሪያ የሚፈልግበት ጊዜ አለ።

ከአሜሪካ የሚለየንም ትልቅ ነገር አለ። በአዲስ አበባ አብዛኛው ሰው መኪና የለውም፤ የሚሄደው በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ነው። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረው ሠራተኛ የፍጥነት መንገድ ከቤቱ አጠገብ ቢያልፍም የሚያንቀሳቅሰው አውቶቡስ ነው። ስለዚህ ለእኛ የመንገዱ ሥራ የሚጀመረው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ አውቶቡሱ የት ይቆማል? እግረኛው በየት ይሻገራል? የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ሲሠራ ያየነው እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ የሚሆነውን ነው። መሻገሪያ ድልድዩ ሩቅ የሆነበት ሰው በመካከል ያለውን አጥር እየዘለለ ሲሻገር ኖሯል፤ ሕይወቱን ያጣም አለ።

አሜሪካኖቹ ይህን ዘግይተው ሲያርሙ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ታይሰንስ ያሳያል። በ2014 የሜትሮው ሲልቨር መስመር አራት ጣቢያዎች እዚያ ተከፈቱለት፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። አሁን የመኪና ማቆሚያ ሜዳዎቹን እያነሡ መኖሪያ ይሠራሉ፣ ሰፋፊ መንገዶቹን እየቆራረጡ መሻገሪያ ያበጃሉ። የካውንቲው ዕቅድ በ2050 ታይሰንስ 100,000 ነዋሪ እንዲኖራት ነው። ይህ ሁሉ በ1962 በወረቀት ላይ መወሰን ይቻል የነበረ ነገር ነው።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል፤ የመሬቱ ዋጋ። ኒውላንድስ ሐዲዱን የዘረጋው መሬቱን አስቀድሞ ገዝቶ ነው፤ መንገድ የመሬትን ዋጋ እንደሚያወጣ ያውቃልና። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬ ሲነሣ የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው ባለፉት ዓመታት ካመረተው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 አማካይ የዓመት ገቢውን በአሥር ያባዛ ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። ይህ መሻሻል ነው። ስሌቱ ግን አሁንም የጤፉንና የስንዴውን ያለፈ ምርት የሚቆጥር ነው። መንገዱ ሲደርስ የሚመጣው ዋጋ ደግሞ የወደፊቱ ነው፤ ለሊዝ ጨረታ አሸናፊው፣ ለፋብሪካው፣ ለቤት ሠሪው ይደርሳል። መውጫው በማሳው ላይ የተቀመጠበት ገበሬ፣ መውጫው አጠገብ በሚቆመው ገበያ ውስጥ አንድ ሱቅ፣ አንድ መደብ፣ ለልጁም አንድ ሥራ እንዲያገኝ የሚያደርግ ውል ከመንገዱ ንድፍ ጋር አብሮ ቢጻፍ መንገዱን የሚያዘገይ አይመስለኝም። መንገድ የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ የወረዳና የከተማ አስተዳደር ሰዎች ይህን የምትሰሙ ከሆነ፣ በዚህ ላይ የምትሉትን ብሰማ ደስ ይለኛል፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አቀርበዋለሁ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)